የቀን የካሎሪ ገደብ አወጣጥ፦ ጤናን ሳይጎዱ ክብደት ለመቀነስ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«በቀን ስንት ካሎሪ ልብላ?» ለሚለው ጥያቄ ቁጥር ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ቁጥሩን ከገበታው ጋር ማገናኘቱ ነው፤ እንጀራው አይመዘንም፣ ወጡ ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ዘይቱ በዓይን ግምት ይፈሳል። ስለዚህ መልሶቹ የተሰናዱት በየቤቱ በሚሠራው ምግብ ላይ ነው። ሌላ ምግብ መግዛት አያስፈልግም።

ካሎሪ ምንድን ነው?

ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት የሚለካበት ነው። በንግግር «ካሎሪ» የምንለው በትክክለኛ ስሙ ኪሎ ካሎሪ ነው። አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ይሰጣል። በታሸገ ምግብ ላይ ኪሎጁል ብቻ ተጽፎ ካገኙ ለ4.2 ያካፍሉት።

መቀነስ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

ዘመድ «ተመችቶሃል» ስላለ አይደለም፤ «ምነው ከሳህ፣ ታመህ ነበር እንዴ?» ስላለም መቀነስ አይቆምም። ሁለት መለኪያዎች አሉ። አንደኛው ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዛዘንበት ቁጥር) ነው፤ ክብደትን በኪሎ ወስደው፣ በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍሉት። 78 ኪሎ የምትመዝን 1.62 ሜትር ሴት፦ 78 ለ1.62 ሲካፈል 48.1፣ እንደገና ለ1.62 ሲካፈል 29.7 ይሆናል። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ነው፣ ከ25 በላይ የክብደት ትርፍ አለ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ውፍረት ይባላል። ከ18.5 በታች የሆነ ሰው ይህን ጽሑፍ መከተል የለበትም።

ሁለተኛው የወገብ ዙሪያ ነው፤ ለቦርጭ ከቢኤምአይ የተሻለ የሚናገረው እሱ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ፤ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ ይለኩ። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ስጋት መጨመር ይጀምራል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። የሱሪ ቁጥር አይቁጠሩ፤ ሱሪ ከቦርጭ በታች ነው የሚታሰረው።

የራሴን ቁጥር እንዴት አወጣለሁ?

በብዛት የሚሠራበት በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚፍሊን-ሴንት ጆር ቀመር ነው። ክብደትዎን በኪሎ በ10 ያባዙ። ቁመትዎን በሴንቲ ሜትር በ6.25 አባዝተው ይደምሩበት። ዕድሜዎን በ5 አባዝተው ከድምሩ ይቀንሱ። ከዚያ ወንድ 5 ይደምራል፣ ሴት 161 ትቀንሳለች። የሚገኘው ሰውነት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ ለመተንፈስ፣ ለልብ ምትና ሙቀት ለመጠበቅ የሚያወጣው ነው።

ያንን በእንቅስቃሴ ያባዙት። ቢሮ፣ ሱቅ ወይም ባጃጅ ላይ ተቀምጦ የሚውል በ1.2፤ የቤት ሥራና ጥቂት የእግር ጉዞ ያለው በ1.375፤ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን ደህና አድርጎ ስፖርት የሚሠራ በ1.55፤ ሸክም፣ ግንባታ ወይም እርሻ ላይ የሚውል በ1.725።

የላይኛዋ ሴት 35 ዓመቷ ነው እንበል፦ 780 ሲደመር 1,012፣ ሲቀነስ 175፣ ሲቀነስ 161፣ ወደ 1,456 ይመጣል። በ1.375 ሲባዛ 2,000 ገደማ። ይህን ብትበላ ክብደቷ ባለበት ይቆያል። 500 ቀንሳ 1,500 ላይ ትጀምራለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማባዣው ላይ ነው። «ጎንደር ዳገት ነው፣ ስለዚህ 1.55 ይገባኛል» የሚል ብዙ ነው፤ ዳገቱን በባጃጅ የሚወጣ ሰው ግን 1.2 ነው። ሲጠራጠሩ ዝቅተኛውን ይውሰዱ። ቀመሩ ራሱ ለብዙ ሰው እስከ 10 በመቶ ሊስት ስለሚችል ይህ ቁጥር መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የሚታረመው ከአራት ሳምንት በኋላ በሚዛን ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

ለምን 500? በ1,000 ብቀንስ ቶሎ አልጨርስም?

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይዟል። በቀን 500 ሲጎድል በሳምንት 3,500 ነው፤ ግማሽ ኪሎ ለማለት ትንሽ የሚጎድለው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቢወርድ አይደነቁ፤ አብዛኛው ውኃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ያከማቹት ስኳር እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ስኳሩ ሲያልቅ ውኃው ይወጣል።

በ1,000 ሲቀነስ ያች ሴት 1,000 ካሎሪ ላይ ትወድቃለች። ያለ ሐኪም ክትትል ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች መውረድ የለባቸውም። ከዚያ በታች ጡንቻ ከስቡ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሲነሱ ያዞራል፣ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ፀጉር ይረግፋል፤ በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠርም ያመጣል። አንድ ወር ተርቦ በሁለተኛው ወር መመለስ ደግሞ የተለመደ ነው።

አጭር፣ ዕድሜያቸው የገፋና ብዙ የማይንቀሳቀሱ ሴቶች ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። 55 ዓመት፣ 150 ሴንቲ ሜትር፣ 62 ኪሎ፣ ተቀምጠው የሚውሉ እናት ክብደታቸውን ባለበት የሚያቆየው 1,350 ካሎሪ ብቻ ነው። 500 ቢቀነስ 850 ይሆናል፤ ይህ አይሞከርም። ለእርሳቸው 150 መቀነስና በየቀኑ መራመድ ነው መንገዱ፤ በወር አንድ ኪሎ እንኳ ባይሞላ ልክ ነው።

የመጀመሪያው ግብ ከአሁኑ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሁን። ለ78 ኪሎ ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው፤ የደም ግፊትና የደም ስኳር መሻሻል የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የሠርግ ቀን ቆርጦ «እስከዚያ 20 ኪሎ» ማለት ግብ ሳይሆን ውርርድ ነው።

አንድ እንጀራ ስንት ካሎሪ ነው?

ይህን ያህል የተጠየቀ ጥያቄ የለም፤ «እንጀራ» ግን አንድ መጠን ስለሌለው ከኢንተርኔት የተቀዳ ቁጥር አይሠራም። ከዱቄቱ መነሣት ይሻላል። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,650 ካሎሪ ገደማ አለው። ውኃው፣ አብሲቱ፣ እርሾው የሚጨምሩት የሚቆጠር አይደለም። ስለዚህ ሲቦካ ዱቄቱን ይመዝኑ፣ ሲጋገር እንጀራውን ይቁጠሩ፣ ያካፍሉ። ከአንድ ኪሎ 7 ከወጣ አንዱ 520 ነው። ምጣዱ አነስ ብሎ ወይም ሊጡ ሳስቶ 10 ከወጣ 365 ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጤፍ፣ በሁለት ቤት የ155 ካሎሪ ልዩነት!

እንጀራ ገዝቶ የሚበላ አንዱን በወጥ ቤት ሚዛን ያስቀምጠው፤ 100 ግራሙ ወደ 150 ነው። 350 ግራም የሚመዝነው 525፣ 250 ግራም የሚመዝነው 375 ይሆናል።

ዳጉሳ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ ቢቀላቀልስ? የደረቅ እህል ዱቄት ካሎሪ እርስ በርሱ ብዙም አይራራቅም። የደንቢያ ዳጉሳም ሆነ ቀይ ጤፍ ማንንም አያከሳም፤ የሚያከሳው ቁጥሩ ነው። ነጩን ሩዝ ያበዛ እንጀራ ግን አሰሩ ስለሚያንስ ቶሎ ያስርባል፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ድርቆሽ ላይ ይጠንቀቁ። እንጀራ ሲደርቅ የሚጠፋው ውኃ እንጂ ካሎሪ አይደለም፤ 100 ግራም ድርቆሽ ከሁለት እጥፍ በላይ የትኩስ እንጀራ ካሎሪ አለው። በእጅ ሲይዙት ላባ ነው። ድስት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዘይቱንና ቅቤውን እንደ ስፖንጅ ይመጣል። «ቁርስ ትንሽ ፍርፍር ብቻ» የሚባለው ቁርስ በቀላሉ ከምሳው ይበልጣል።

ወጥስ? ዘይቱ ይህን ያህል ይቆጠራል?

ከእንጀራው በላይ የሚያሳስበው ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የኑግም ይሁን፣ የመተማ ሰሊጥ የተጨመቀም፣ የሱፍም፣ የሚረጋውም፣ ካሎሪው አንድ ነው። ለልብ ጤና ግን የሚረጋው ዘይትና ቅቤ ከፈሳሾቹ ያንሳሉ። የተነጠረ ቅቤም በማንኪያ ከ110 እስከ 120 ነው።

የየቀኑን ዘይት መለካት ያታክታል፤ ስለዚህ ጀሪካኑን ይለኩ። ባለ 5 ሊትሩ ሲከፈት በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ቀኑን ይጻፉ፤ ሲያልቅም ይጻፉ። አንድ ሊትር ዘይት ወደ 8,200 ካሎሪ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት ጀሪካኑን በ20 ቀን ከጨረሰ እያንዳንዱ በቀን ከ62 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ማለትም ወደ 510 ካሎሪ ዘይት ብቻ ጠጥቷል። ያው ጀሪካን 30 ቀን ቢቆይ 340 ይሆናል። በቀን 170 ካሎሪ ሳይታወቅ ወረደ፤ እንጀራው ሳይነካ። የልጆችና የአዋቂ ድርሻ እኩል ስላልሆነ ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ቤቱ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ግን ይበቃል።

አንድ የሽሮ ድስት በቅርብ እንይ። ለአራት ሰው 150 ግራም ሽሮ (540 ካሎሪ)፣ 200 ግራም ሽንኩርት (80)፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት (480)። ድምሩ 1,100፣ ለአንድ ሰው 275። ዘይቱ ሳይለካ ከጀሪካኑ ሲንቆረቆር በቀላሉ 120 ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ ያኔ ድስቱ 1,600፣ ድርሻው 400 ይሆናል። ሽሮው ያው ሽሮ ነው።

ለመቀነስ ሽንኩርቱን በደንብ አድቅቀው ያለ ዘይት በራሱ ውኃ ያቁላሉት፤ መያዝ ሲጀምር በማንኪያ ውኃ ጠብ ያድርጉበት። ዘይቱ ሽንኩርቱ ከወዛ በኋላ ይገባል፤ በርበሬው ከዚያ። በርበሬ ጨርሶ ያለ ዘይት አይበስልም፤ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ይመርራል። ስለዚህ ዘይቱን ወደ ዜሮ ማውረድ ወጡን ያበላሻል፣ ቤተሰቡንም ያስነሣል። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ሩቡን ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። በእኛ ዘንድ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነው ወጥ አማረ የሚባለው፤ ይህን ልማድ ያለ ጠብ ማለፍ የሚቻለው ድስቱ ከወረደ በኋላ ጋደል አድርጎ ከላይ የተንሳፈፈውን በጭልፋ በማንሣት ነው። የተነሣ እያንዳንዱ ማንኪያ 120 ነው፤ ለነገ ቁሌትም ይሆናል።

ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ድርሻዬን እንዴት ልቁጠር?

ወጡን በጉርሻ ለመቁጠር አይሞክሩ፤ አይሆንም። እንጀራዎን ይቁጠሩ። ድርሻዎን፣ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ፣ ሳይቀርብ ቆርጠው ጠቅልለው በጎንዎ ያስቀምጡ፤ ያ ሲያልቅ መብላትዎ አልቋል። ወጥ በአንድ ጭልፋ ወደ እርስዎ በኩል ይውጣልዎ። ትሪው ላይ የተነጠፈው እንጀራ ዘይቱን ሁሉ የጠጣው ነው፤ የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው። ወይ ይተዉት ወይ በድርሻዎ ውስጥ ይቁጠሩት።

ጉርሻ እምቢ አይባልም። ደህና አድርጎ የተጠቀለለ አንድ ጉርሻ ወደ 70 ካሎሪ ሊሆን ይችላል፤ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው መምጣቱ ስለማይቀር እንግድነት ሲሄዱ አስቀድመው 140 ይተዉለት።

1,500 ካሎሪ በአንድ ቀን ምን ይመስላል?

በፍስክ ቀን፦ ጠዋት ሁለት የሐበሻ ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል፣ 50 ግራም ዳቦና አንድ ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ፣ 270 ገደማ። ምሳ ግማሽ እንጀራ (260)፣ ባለ አራት ማንኪያው ሽሮ (275)፣ ዘይት ያልበዛበት ጎመን (60)። ከሰዓት አንድ ሙዝ (100)፣ ሁለት ሲኒ ቡና በአንድ አንድ ማንኪያ ስኳር (32)፣ 20 ግራም ቆሎ (75)። ማታ ግማሽ እንጀራ (260) ከምስር ክክ ወይም ከቀይ ሥጋ አነስተኛ ድርሻ ጋር (160)። ድምሩ 1,490 ገደማ። ረሃብ የሚያስታግሰው ፕሮቲኑና ጎመኑ ስለሆነ እነሱን አይቀንሱ።

ፕሮቲን በኪሎ ክብደት 1.2 ግራም ቢደርስ ጡንቻ ይጠበቃል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም፣ እንቁላል 6፣ 100 ግራም ቀይ ሥጋ ወይም ዓሣ 20 ያህል አላቸው። ከጎርጎራ የሚመጣው ቆሮሶ 100 ግራሙ ጥሬውን 100 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ በሊጥ ተለውሶ ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ወጥ ወይም ለብለብ ያድርጉት።

በጾም ወራት አለመቀነሴ ለምንድን ነው? ሥጋም ቅቤም አልበላሁም።

ጾም ከምግቡ ዝርዝር ያወጣው ሥጋን፣ ወተትንና ቅቤን ነው፤ ዘይትን አይደለም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ፣ ቲማቲም ፍርፍሩ ሁሉ በዘይት ሲሠራ የጀሪካኑ ቀን ያጥራል። ተልባ፣ ሱፍና ሰሊጥ ጠቃሚ ቢሆኑም ግማሽ ያህላቸው ስብ ነው፤ 100 ግራም ተልባ ከ530፣ ሰሊጥ ከ570 ካሎሪ አያንስም። ሱፍ ፍትፍት «ቀላል ምግብ» የሚባለው ለጨጓራ እንጂ ለሚዛን አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ሰው ሲቀርብለት በፍጥነት ይበላል፤ የጥጋብ ስሜት ግን ወደ 20 ደቂቃ ይዘገያል። ውኃ ይጠጡ፣ በጎመን ወይም በሰላጣ ይጀምሩ፣ እንጀራው ከዚያ። ለ1,500 እንዲህ ሊከፈል ይችላል፦ 9 ሰዓት ላይ ሦስት አራተኛ እንጀራ ከሽሮና ከጎመን ጋር (725)፤ 11 ሰዓት ላይ 100 ግራም የሽምብራ ንፍሮና ሁለት ሲኒ ቡና (180)፤ ማታ 2 ሰዓት ግማሽ እንጀራ በምስር (460) እና አንድ ሙዝ (100)። በረመዳንም ሰዓቱ ቢለያይም አከፋፈሉ ያው ነው፤ ሱሑሩን ግን አይዝለሉ፣ ሳምቡሳውን ይቁጠሩ።

ከፋሲካ በኋላ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ጨመርኩ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ሁለት ኪሎ ስብ ለማፍራት ከወትሮው በላይ 15,000 ካሎሪ መብላት ይጠይቃል። የጨመረው ጨው የያዘው ውኃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው፤ በሳምንት ይመለሳል፣ ዶሮ ወጡ ሳምንቱን ሙሉ ካልቀጠለ።

ቡና፣ ጠላ፣ ቢራ ይቆጠራሉ?

ቡናው ራሱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ስኳሩ ግን ይቆጠራል። ልክ የሆነ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ነው። ማንም ግን ልክ አያደርገውም፤ ተቆልሎ 6 ግራም ይወጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት ቁልል ማንኪያ 144 ካሎሪ ነው፤ ከጎኑ አንድ እፍኝ ቆሎ (30 ግራም) 110፣ ለውዝ ከሆነ 170። ሥነ ሥርዓቱን አይተዉ፤ ስኳሩን ወደ አንድ ማንኪያ ማውረድ ይበቃል።

330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 ገደማ ነው፤ ሦስቱ አንድ እንጀራ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። አንድ መለኪያ (40 ሚሊ ሊትር) አረቄ 100 ይጠጋል። ወፍራም ጠላ ቢያንስ እንደ ቢራ ይቆጠር። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 8 ማንኪያ ስኳር፣ 125 ካሎሪ ነው። ስኳር የገባበት የአቮካዶ ጁስ 300 ይደርሳል፤ ከጠጡት ምሳ እንጂ መጠጥ አይበሉት።

መቼና በምን ልመዘን?

ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ። በየቀኑ የሚመዘን የሰባቱን ቀን አማካይ ይያዝ፤ የዛሬና የትናንት ልዩነት ወሬ ነው። በመንገድ ዳር ሚዛን የሚመዘን ሰው ሁልጊዜ ያንኑ ሚዛን፣ ያንኑ ቀንና ሰዓት ይጠቀም፣ ጫማውን ያውልቅ። ፒያሳ ላይ በጋቢና በጫማ፣ ሳምንት በኋላ አዘዞ ላይ በሸሚዝ ከተመዘኑ የቀነሰው ጋቢው ነው። የልብስ ሰፊ ሜትሩንም በየሁለት ሳምንቱ ያውጡት።

አሁን ወደ እርማቱ። ከአራት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ትተው ይዩ። በሳምንት ከ0.3 እስከ 0.8 ኪሎ እየወረደ ከሆነ ቁጥሩን አይንኩት። ካልወረደ ከ100 እስከ 150 ይቀንሱ፣ ከወለሉ (ለሴት 1,200፣ ለወንድ 1,500) ሳይወርዱ። በየሳምንቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ከወረደ 200 ይጨምሩ።

ለሦስት ወር ጥሩ ሄዶ ቆመብኝ።

መጀመሪያ ጀሪካኑን ይዩ። ብዙ ጊዜ ዘይቱና የእሑዱ ገበታ ቀስ ብለው ተመልሰዋል። ሴቶች የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ ሊይዙ ስለሚችሉ ወርን ከወር ማወዳደር ይሻላል። እነዚህ ካልሆኑ ሰውነቱ ራሱ አንሷል፤ በቀመሩ መሠረት 10 ኪሎ የቀነሰ ሰው ተኝቶ የሚያወጣው በ100 ካሎሪ ያንሳል፤ ሲንቀሳቀስ ልዩነቱ ይሰፋል። በአዲሱ ክብደት እንደገና ያስሉ።

ዳገት መውጣት ስንት ያቃጥላል?

የ78 ኪሎ ሰው በሜዳ ላይ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ ተቀምጦ ከሚያወጣው በላይ 100 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። ዳገት ላይ እያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ 70 ያህል ይጨምራል፤ ወደ ጎሃ ወይም ወደ ቁስቋም የሚወጣ ሰው ከሜዳው ሰው የተሻለ ያገኛል። ግን ከዳገቱ ወርዶ አንድ የአቮካዶ ጁስ መጠጣት ሒሳቡን ያጠፋዋል። በማባዣው ውስጥ የገባን እንቅስቃሴ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አይቁጠሩት። ጉልበት የሚያመው ሰው ዳገቱን በእግር ወጥቶ ቁልቁለቱን በባጃጅ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ጉልበትን የሚጎዳው መውረዱ ነው።

ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል፣ ሞሪንጋ፣ በላስቲክ ታስሮ መሮጥ?

ስብ የሚያቀልጥ መጠጥ የለም። ሎሚ በሙቅ ውኃ የሚጠቅመው ስኳር ያለበትን ሻይ ከተካ ብቻ ነው። ላስቲኩ የሚያወጣው ላብ ነው፤ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ይመለሳል። ስሙ ያልተጻፈበት የማክሻ እንክብልና ዱቄት አይንኩ።

በዓል ላይ ምን ላድርግ?

በሳምንት ያስቡ። 1,500 በሰባት 10,500 ነው። የጥምቀት ዕለት 2,500 ቢበሉ ትርፉ 1,000 ነው፤ ለስድስት ቀን ሲካፈል 165 ገደማ። በቀን ሩብ እንጀራና ሁለት ማንኪያ ስኳር ነው። ከተራውም፣ ጥምቀቱም፣ ቃና ዘገሊላውም 2,500 ከሆኑ ግን ሳምንቱን ይተዉት፤ ለመካስ ሲሉ አይራቡ፣ በአራተኛው ቀን ወደ ቁጥርዎ ይመለሱ።

ማን ነው ይህን በራሱ ማድረግ የሌለበት?

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ፣ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ፣ ምግብ እያስመለሰ ወይም ራሱን በረሃብ እየቀጣ የሚያውቅ ሰው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግቡን መድኃኒቱ ሳይስተካከል ከቀነሰ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም ክብደቱ ሲወርድ መጠኑ ሊበዛበት ስለሚችል ግፊቱን ቶሎ ቶሎ ያስለካ። ሳይሞክር ክብደቱ የሚወርድ ሰው ደግሞ ደስ አይበለው፤ ይመርመር።

ግቤ ላይ ደረስኩ። አሁንስ?

በአዲሱ ክብደት ቀመሩን እንደገና ያስሉ፣ ግን በአንድ ቀን ወደዚያ አይዝለሉ። በየሳምንቱ 100 ካሎሪ ይጨምሩ፤ ሩብ እንጀራ ለማለት ትንሽ የሚጎድል ነው። አማካዩ ክብደት መውረድ ሲያቆም እዚያው ይቁሙ። ሚዛኑን በሳምንት አንድ ቀን፣ በጀሪካኑ ላይ ቀን መጻፉን ግን ሁልጊዜ ይቀጥሉ።